መልስ፦ የሳሚ (የሰሜን ስካንዲኔቪያና የሰሜን ፊንላንድ ነባር ሕዝብ) ጥንታዊ እምነት ከቄሶቹ ጽሑፍ ውጪ በምን ይጠናል?

«ስለ ሳሚዎች እምነት የጻፉት ሊያጠምቋቸው የመጡ ቄሶች ናቸው፤ ታዲያ ምኑ ይታመናል?» ብለሃል። ጥርጣሬህ ልክ ነው። የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቄሶች የጻፉት ሊያጠፉት ስለፈለጉት ነገር ነው። ግን መሬቱም ማስረጃ አለው።

«ሲየይዲ» የሚባሉትን የመሥዋዕት ድንጋዮች ተመልከት። ሰሜን ፊንላንድ ውስጥ ዙሪያቸው ሲቆፈር የሬንዲር (የሰሜኑ ብርድ አገር አጋዘን) እና የዓሣ አጥንት ተገኝቷል። የበግና የፍየልም አለ! ከጎረቤት ገበሬዎች ጋር የነበራቸው ንክኪ መሥዋዕቱ ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። ኢናሪ ሐይቅ ላይ ባለችው ኡኮንሳሪ ደሴት ደግሞ አርተር ኢቫንስ በ1873 እ.ኤ.አ. የብር ጌጥ አግኝቷል። አዎ፣ ያው በኋላ በቀርጤስ ደሴት የክኖሶስን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ኢቫንስ።

ቋንቋው የሚያሳየው ከማን ጋር እንደኖሩ ነው። የነጎድጓዱ አምላክ ሆራጋሌስ ስሙ ከስካንዲኔቪያውያኑ የነጎድጓድ አምላክ ከቶር የመጣ ነው። ስም ተዋሱ ማለት ግን እምነቱን እንዳለ ገለበጡ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል።

እኔን የሚያሳምነኝ የድብ ሥርዓት ነው። በአደኑ ጊዜ ድቡን በስሙ አይጠሩትም፤ የተለየ አነጋገር ነበራቸው። ሥጋውን ከበሉ በኋላ አጥንቱን ሰብስበው ይቀብሩታል። ቄሶቹ ይህን ጽፈዋል፤ መቃብሮቹም ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ ተቆፍረው ወጥተዋል። ማንበብ ከፈለግክ ከዚህ ጀምር።