የቃኘው ዘማቾች ታሪክ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ኮሪያ ዘማቾች የተጻፉ በመሆናቸው፣ የዚህን ዕትም ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነው በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምተው ነበር። ካረፉ በኋላ በእጃችን የቀረው ሁለት ሜዳሊያ፣ ጥቂት ፎቶግራፎችና አንድ ያረጀ የመታወቂያ ወረቀት ብቻ ነው። በሕይወት ሳሉ ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው ጨዋታውን ወደ ሌላ ይወስዱት ነበር። ኮሪያውያን ሐውልት አቁመው ሲያስቧቸው እኛ የልጅ ልጆቻቸው የሠሩትን እንኳ አለማወቃችን ያሳፍረኛል። ለምን ዝም አሉ? ታሪካቸውን ከእንግዲህ ማወቅ ይቻላልን? (የዘማች የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። የአያትዎ ዝምታ የግል ጠባያቸው ብቻ አይመስለንም። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲሸኝ፣ የጉዞው ምክንያት ለማንም ኢትዮጵያዊ ግልጽ ነበር። አገራችን በፋሺስት ኢጣሊያ በተወረረች ጊዜ የመንግሥታት ማኅበር ስላልደረሰላት፣ የተጠቃ አገር ብቻውን መቅረት የለበትም ስትል በጄኔቭ ያሰማችውን አቤቱታ አሁን ራሷ በተግባር ልታሳይ ነው የተነሣችው። የጦሩ ስም የተወሰደውም ከልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው ነው። ወጣቶቹ በክብር ተሸኝተው በክብር ተመልሰዋል።

ዝምታው የመጣው ኋላ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክቡር ዘበኛ አዛዦች የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ በነገሩ እጁ የሌለበት ወታደር ሳይቀር የዚያ ጦር አባል በመሆኑ ብቻ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ደርግ ዘማቾቹ ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ኮሪያ መዝመት የሚደበቅ ነገር ሆነ። ሜዳሊያውን ከሣጥን ሥር አኑሮ ለልጆቹ ሳይናገር የኖረ አባት፣ ምናልባት እነዚያኑ ልጆች ከክፉ እየጠበቀ ይሆናል። ስለዚህ እፍረቱን በእርስዎ ላይ ብቻ አይጫኑት፤ ያላወቁት ሆን ተብሎ ለአንድ ትውልድ እንዲዘጋ የተደረገ በር ስለ ነበረ ነው።

ኮሪያውያን ይህ ዓይነት መቋረጥ አልገጠማቸውም። በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት በ1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል፤ ኋላም በዚያው ከተማ የመታሰቢያ ሙዚየም ተከፍቷል፣ በአዲስ አበባም አፍንጮ በር የሚገኘው የመታሰቢያ ፓርክ በቹንቾን ድጋፍ ተሠርቷል። የእኛ ጉድለት ግን የሐውልት ማነስ አይደለም ብለን እናምናለን። በተከታታይ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል ከ120 በላይ ወድቀዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም የለም፤ የወደቁትም አጽማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። የሞቱት ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል። በሕይወት ተመልሶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ኮሪያ ሰፈርም ሆነ በየገጠሩ ልጆቹን አሳድጎ ያለፈው ብዙኃን ግን ታሪኩ ያለው እንደ እናንተ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ከመታወቂያው ወረቀት ይጀምሩ። ማዕረጋቸው፣ የወታደር ቁጥራቸውና በተለይም የትኛው ቃኘው ውስጥ እንደ ነበሩ ከታወቀ፣ ብዙው ነገር ከዚያ ይከተላል። አንደኛው ቃኘው በ1943 ገብቶ በ1944 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ተተካ። ሁለተኛው እስከ 1945 ዓ.ም. አጋማሽ ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ትሪያንግል ሂል በተባለው ኮረብታ ዙሪያ የተደረገውን ብርቱ ውጊያ ያየ ነው። ሦስተኛው ከጦርነቱ ማብቂያ በፊት ባሉት ወራት በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ ከነበሩት የፊት ምሽጎች ላይ ሌሊት ሌሊት ሲፋለም ቆይቶ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሲፈረም እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ የተላኩት ደግሞ ሰላም ለማስከበር የሄዱ ናቸው። አያትዎ ስንተኛው ውስጥ እንደ ነበሩ ማወቅ፣ ምን እንዳዩ ለመገመት ሳይሆን ለማወቅ ያስችላል።

ሦስቱም ሻለቆች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ይዋጉ ስለ ነበር፣ የዕለት ውሎ ዘገባዎች በሜሪላንድ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይፈለጋሉ። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችዎ ሊረዱዎት ይችላሉ፤ ሲፈልጉ ግን የአያትዎን ስም ከነአባታቸው ስም በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ይሞክሩ። የእርስዎ የአያት ስም የእርሳቸው ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን የማያውቅ የውጭ አገር ሠራተኛ በቀላሉ ይሳሳታል። በአፍንጮ በር ያለውን የዘማቾች ማኅበርም ይጠይቁ። ከፎቶግራፎቹ መካከል ከኮሪያውያን ሕፃናት ጋር የተነሡት ካለ በቸልታ አይለፉት፤ የኢትዮጵያ ወታደሮች በዶንግዱቾን ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበርና፣ ሥዕሉ ከዚያ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ መሆኑን አይርሱ። የአያትዎ ጓድ በሕይወት ካለ፣ መዝገቡን ወደ ኋላ ትተው ዛሬውኑ እርሱ ዘንድ ይሂዱ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» ብለው ከመጠየቅ ፎቶግራፉን በእጁ ሰጥተው «ይህ ማን ነው?» ይበሉት። ለጠቅላላ ጥያቄ የሚመልሰው የለመደውን ውዳሴ ነው፤ ፊት ሲያይ ግን ስም ይጠራል፣ ቀኑን ይናገራል፣ ማን ቆስሎ ማን እንደ ተሸከመው ያስታውሳል።

ጥያቄ፦ አባታችን የኮሪያ ዘማች ነበሩ። ታላቅ ወንድማችን ሚያዝያ 27 ቀን ሜዳሊያቸውን ደረቱ ላይ አድርጎ መውጣት ይፈልጋል፤ እኅታችን ደግሞ ያልሠራበትን ክብር መልበስ ነው ትላለች። ማን ትክክል ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድማችሁ ቢያደርገው ነውር አናይበትም። ሚያዝያ 27 በመሠረቱ የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የድል መታሰቢያ ነው፤ በልጅነታቸው ጫካ የገቡት ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ2009 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ በአራት ኪሎው ሐውልት ሥር ለመቆም የሚችል አርበኛ እጅግ ጥቂት ሆኗል። ቦታውን የያዙት የአባቶቻቸውን ጎፈርና ሜዳሊያ የለበሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እነርሱ ባይወጡ አደባባዩ ባዶ ይሆን ነበር። ኮሪያ የተዘመተውም የ1928ቱ በደል ትዝ እያለ ነውና የዘማች ልጅ በዚያ መገኘቱ ተገቢ ነው።

የእኅታችሁ ሥጋትም ግን እውነት አለው፤ መንገደኛው ሜዳሊያው የማን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የአባታችሁን ፎቶግራፍ አብሮ ይያዝ፣ ከሥሩም ስማቸው፣ ማዕረጋቸውና የዘመቱበት ዓመት ይጻፍ። በሰማያዊና በነጭ መስመር ጥብጣብ ላይ የተንጠለጠለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፤ ለእኛ ዘማቾች የተሰጠው በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ጽሑፉ እንዳይጠፋ በአሸዋም ሆነ በኬሚካል አትፈግፍጉት።

ጥያቄ፦ አባቴ ከኮሪያ ከተመለሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሌሊት እየጮኹ ይነቁ ነበር፤ መጠጥም ያበዙ ነበር። አሁን ለልጆቼ ታሪካቸውን እየጻፍኩ ነው። ሽማግሌዎች «የሞተ ሰው ገመና አይወጣም» ይሉኛል። ልተወው? (ከዋሽንግተን ዲ.ሲ.)

መልስ፦ አይተዉት። በልቅሶ ላይ የሚወርደው ሙሾ ጀግንነቱን ይዘረዝራል፣ ፉከራውም እንዲሁ፤ ይህ ለቀብሩ ቀን ተገቢ ነው። ከቀብሩ በኋላ የሚጻፈው ግን ዋጋውንም መያዝ አለበት። የልጅ ልጆችዎ አያታቸው ኮረብታ መያዛቸውን ብቻ ካነበቡ፣ መዝመት ያለ ዕዳ የሚፈጸም ነገር ይመስላቸዋል፤ ሌሊት ሌሊት የነበረውን ጩኸት ካላወቁ መሥዋዕትነት የሚለውን ቃል በምን ይተረጉሙታል? በካቴድራሉ ያረፉት ሕይወታቸውን ከፈሉ። አባትዎ ደግሞ እንቅልፋቸውን ለቀሪው ዘመናቸው ከፍለዋል፤ ይህም ሊቆጠርላቸው ይገባል።

ሽማግሌዎቹ የሚፈሩት አባትዎ እንዳይናቁ ነው፤ ፍርሃታቸውንም እናከብራለን። ስለዚህ ያዩትን ብቻ ይጻፉ፤ ምክንያቱን ከእናትዎ ወይም ከጓዶቻቸው ሳይሰሙ በግምት አይሙሉት። መጠጡን ሲጽፉ በዚያው ዘመን ልጆቻቸውን እንዴት እንዳስተማሩ፣ በእድር ውስጥ ምን ኃላፊነት እንደ ነበራቸው ጎን ለጎን ያስፍሩ። ለቤተሰብ የሚቀረው ቅጂ ሙሉው ይሁን፤ በሕዝብ ፊት ለሚወጣው ግን እናትዎ በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።