ሽማግሌ ሳይላክ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በነርስነት እሠራለሁ። በፍቅር የያዘኝ ሰው አለ። ሲርቀኝ ይናፍቀኛል፣ አብሮኝ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። የግብረ ሥጋ ፍላጎት ግን ለእርሱም ሆነ ለማንም ተሰምቶኝ አያውቅም። በቅርቡ በአንድ ክሊኒክ ስለ ወሲባዊ ዝንባሌ የሚጠይቅ ቅጽ ሰጡኝ፤ ከተዘረዘሩት ውስጥ እኔን የሚገልጽ አጣሁ። እኅቴ «ሴት ትወጃለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሽማግሌ ሊላክ ነው። እኔ ምንድን ነኝ? ለእርሱስ ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጄ፣ «ምንድን ነኝ?» አልሽኝ እንጂ ራስሽን ከብዙ ሰው በተሻለ ታውቂያለሽ። የጎደለሽ ስሙ ብቻ ነው፤ እርሱም አለ። ለማንም ወሲባዊ ስሜት የማያድርባቸው ሰዎች ራሳቸውን አሴክሹዋል ይላሉ።

ነገሩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሲ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ከ0 እስከ 6 በሚደርስ መለኪያ ደረደረ፤ 0 ለተቃራኒ ፆታ ብቻ፣ 6 ለተመሳሳይ ፆታ ብቻ ስሜት ላለው ነበር። ከመለኪያው ውጭ የሆኑትን «ኤክስ» በምትባለው የላቲን ፊደል ለብቻ መዘገባቸው። እነዚያ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከፊደሏ ያለፈ ትኩረት አላገኙም። በ2001 ዴቪድ ጄይ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በኢንተርኔት መሰባሰቢያ ከፈተላቸው። በ2004 ደግሞ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንቶኒ ቦጋርት ከ18,000 በላይ ብሪታንያውያን የተጠየቁበትን ጥናት ሲመረምር፣ ከመቶ አንድ ያህሉ ለማንም ወሲባዊ ስሜት ተሰምቷቸው እንደማያውቅ መመለሳቸውን አገኘ። ይህ ለእኛም የሚሠራ ቢሆን፣ አራት መቶ ሰው በታደመበት ሠርግ ላይ አራቱ እንዳንቺ ናቸው ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ፍቅርንና ወሲብን ለይተው መግለጽ ጀመሩ። በፍቅር የማይያዘው አሮማንቲክ ነኝ ይላል። ልቡ በጥልቅ ከተሳሰረ በኋላ ብቻ ፍላጎት የሚመጣበት ዴሚሴክሹዋል ይላል። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ከሆነ፣ በፍቅር የምትያዢ አሴክሹዋል ነሽ። ቅጹ ላይ «ሌላ» የሚል ካለ ይህንኑ ጻፊ፤ ስሙ ካልተመቸሽ ባዶውን ተዪው። እኔም ሆንሁ እኅትሽ ስም ልናወጣልሽ አንችልም።

«ሐኪም ይይሽ» የሚልሽ አይጠፋም። ፍላጎቱ ኖሮሽ በድንገት የጠፋ ቢሆን ኖሮ እኔም እልሽ ነበር፤ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲህ ያደርጋሉ። በልጅነት ግርዛት የመጣ ሕመም ካለብሽ፣ ወይም ማንም በደል አድርሶብሽ ከሆነ፣ እርሱም ለራሱ ሕክምና ይገባዋል። ከጉርምስና ጀምሮ እንዲሁ ለሆነና ራሱን አሴክሹዋል ለሚል ሰው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ይህንን እንደ በሽታ አይመዘግብም። «ገዳም ግቢ» የሚለው ምክር ደግሞ ያናድደኛል። መነኩሴ ያለውን ፍላጎት በስእለት የሚተው ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው የባል ወዳጅነት ነው።

እኅትሽ በክፋት የጠየቀችሽ አይመስለኝም። ሴት የምትወጂ ብትሆኚም ልብሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ እልሽ ነበር። በአገር ቤት ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ስለሚቀጣ፣ ከዚያ የምትጽፉልኝ ስማችሁንና አድራሻችሁን አታስፍሩ።

አሁን ወደ ሰውዬው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ንገሪው፤ በተለይ በቁርባን የምትጋቡ ከሆነ ከዚያ ወዲያ መለያየት እጅግ ከባድ ነው። ለሁለት ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሳትቸኩሉ ተነጋገሩ። በስሙ አትጀምሪ፤ ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ ይደነግጣል። «እወድሃለሁ፤ የግብረ ሥጋ ፍላጎት ግን ኖሮኝ አያውቅም፤ በአንተ ምክንያት አይደለም» በይው። የመጨረሻዋን ቃል አትዝለያት፤ ወንዶች ይህንን ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ራሳቸውን ነው።

ከዚያ በፊት ግን የምትችዪውንና የማትችዪውን ለራስሽ ወስኚ። አንዳንድ አሴክሹዋል ሰዎች ለትዳር አጋራቸው ብለው በፈቃዳቸው ይስማማሉ፤ አንዳንዶች ፈጽሞ አይፈልጉም። ሁለቱም ያለ ነው። ሳትፈልጊ «ለትዳር ሲባል» የሚደረግ ነገር ግን የለም፤ በዚህ አልደራደርም። ልጅ ትፈልጊ እንደሆነም አስቢበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ እርሱን ሳይሆን አይቀርም።

ለማሰብ ጊዜ ስጪው። አልችልም ካለ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም፤ እውነቱን በጊዜ ሰምቶ በጊዜ መልሶልሻል። እናትሽ ስለ ሽማግሌዎቹ ከጠየቁሽ «ገና የምንነጋገረው አለን» ይበቃል፤ የቀረውን መንገር የምትፈልጊ ከሆነ፣ በፈለግሽው ቀን ትነግሪያቸዋለሽ።