ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሐረጎን ስወርድ ዓይኔ ይጋረዳል

ጥያቄ፦ የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። አምና አንድ ዓይኔ ደብዝዞ ኤምአርአይ ተነሣሁና መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባልኩ። አሁን ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ሙቀቱ ሲያገኘኝ ያው ዓይኔ ይጋረዳል፣ እግሬ ይዝላል፤ ማታ ደሴ ስገባ ይተወኛል። ውጭ ያለው ወንድሜ «አንጎል ጉልበቱን እንዴት እንደሚጠቀም የሚያሳይ አዲስ ምርመራ አለ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ፣ ነይ» ይለኛል። ልሂድ?

መልስ፦ አይዞዎት እህቴ፣ ሙቀቱ ነርቭዎን እየጎዳው አይደለም። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ያንኑ መልእክት ለማሳለፍ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ጭኖ ሐረጎን የሚወጣ መኪና ነዳጅ እንደሚጠጣው ማለት ነው። ሙቀት ሲጨመርበት መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሲበርድ ይመለሳል። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ የዓይን መጋረድ የጻፈው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው።

ወንድምዎ የሰሙት ምርመራም የሚከታተለው ይህንኑ ጉልበት ነው። የተለመደው ኤምአርአይ ጠባሳውን ያሳያል፤ ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ደግሞ በዚያው ዓይነት ማሽን ከዚህ ጉልበት ጋር የተያያዙ የአንጎል ኬሚካሎችን ይለካል። ኤን-አሴቲል-አስፓርቴት የተባለው ሲያንስ የነርቭ ሴሎች መጎዳታቸውን ይጠቁማል፤ የሚገርመው፣ በተራው ፎቶ ጤነኛ በሚመስል ቦታም አንሶ ይገኛል። የማግኔት ብርታታቸው 7 ቴስላ የሆነ፣ ከተለመዱት በጣም የበረቱ ማሽኖች ይህን አጥርተው ይለያሉ። ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። ለእርስዎ ግን ቁጥሩ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ አይወስንም፤ ለዚህ ብለው አውሮፕላን አይሳፈሩ። የወንድምዎ ገንዘብ ለመድኃኒትና ለክትትል ኤምአርአይ ይዋል።

እስከዚያው መኪና ውስጥ ጥላው በኩል ይቀመጡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይያዙ፣ ሻሽዎን አርሰው አንገትዎ ላይ ጣል ያድርጉ። ወይባ ጢስ መሞቅም ለጊዜው ይቅርብዎ (ወሎዬ ሴት ይህን ስላት እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ)። ትኩሳት ወይም ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ይታከሙት፣ እሱም እንደ ሙቀቱ ዓይንዎን ሊጋርድ፣ እግርዎን ሊያዝል ይችላል። ድብዘዛው ደሴ ገብተውም ካልለቀቀና 24 ሰዓት ካለፈው ግን ሙቀት ብቻ ላይሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳይጠብቁ ነርቭ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። የአምናውን ኤምአርአይ ሲዲ ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ ጠባሳ መኖሩ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው።