54 ተማሪ፣ አምስት ተናጋሪ፦ ለርቀት ክፍል ውይይት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በግብርና ኮሌጅ የአፈርና ውሃ ጥበቃ አስተምራለሁ። በርቀት የሚማሩ 54 ተማሪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ በየወረዳው የሚሠሩ ዲኤዎች (የግብርና ልማት ሠራተኞች) ናቸው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በዙም እንገናኛለን። ጥያቄ ሳቀርብ የሚመልሱት ያው አራት አምስት ሰዎች ናቸው። የቀሩት «ከላይ እንደተባለው» ብለው ያልፋሉ፣ ወይም ዝም ይላሉ። ኮሌጁ ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት አለው፤ እኔ ግን ፒዲኤፍ ከመጫን አልፌ አልተጠቀምኩበትም። ሌላ የተሻለ መተግበሪያ ልፈልግ ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ አዲስ መተግበሪያ አይፈልጉ። የሚበጅዎት ነገር እዚያው ሙድል ውስጥ ተቀምጧል። ቴሌግራሙም ይቆይ፣ ሥራው ብቻ ይቀየር።

ተማሪዎቹ ዝም ያሉት በስንፍና ላይሆን ይችላል። 54 ሰው ባለበት ግሩፕ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ኔትወርክ ያለውና ደፈር ያለው በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። ማታ ከማሳ ተመልሶ ስልኩን የሚከፍተው ዲኤ የሚያገኘው ያለቀ ጉዳይ ነው። መልሱ ተሰጥቷል፣ እርስዎም «ጎበዝ» ብለዋል፣ ከዚያ በላይ የምዝገባ ማስታወቂያና የበዓል ምኞት ተደርቦበታል። ከዚህ በኋላ ምን ይጨምር? ስለዚህ የውይይት መሣሪያ ሲመርጡ ከዋጋም ከመልክም በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ተማሪው የራሱን ሳይጽፍ የሌላውን እንዳያይ ማድረግ ይችላል ወይ? የቴሌግራም ግሩፕ ይህን አይችልም። ሙድል ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮርሱን ከፍተው «ኤዲት ሞድ»ን ያብሩ፣ «ፎረም» ይጨምሩ፣ «ፎረም ታይፕ» ከሚለው ዝርዝር «ኪው ኤንድ ኤ ፎረም»ን ይምረጡ። ካልነኩት የሚመጣው «ስታንዳርድ ፎረም» ነው፤ እሱ ሁሉን ለሁሉ ስለሚያሳይ የቴሌግራሙን ችግር እንዳለ ያመጣዋል። በኪው ኤንድ ኤ ፎረም ጥያቄውን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት፤ ተማሪው መልሱን እስኪያስገባ ድረስ የጓደኞቹ መልስ አይታየውም።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራንን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አለ። ተማሪው መልሱን አስገብቶም ወዲያው የሌሎቹን አያይም። ሙድል አንድን ጽሑፍ ለማረም የሚፈቅደው ጊዜ አስተዳዳሪው ካልቀየረው 30 ደቂቃ ነው፣ የሌሎቹ መልስ የሚከፈተውም ያ ጊዜ ሲያልፍ ነው። ይህን ያልተነገረው ተማሪ «ተበላሽቷል» ብሎ ይወጣል፣ ተመልሶም አይመጣም። ስለዚህ ከጥያቄው ሥር «መልስዎን ካስገቡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ» ብለው ይጻፉ።

ቀጥሎ ተማሪዎቹን ይከፋፍሉ። 54ቱን በዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት ቡድን ያድርጓቸው። ዘጠኝ ሰው ሲሆን አንዱ የስምንት ሰው መልስ ያነባል፤ ይህ በስልክም የሚቻል ነው። አምስት ካደረጉት ሁለቱ ከቀሩ ውይይቱ ይሞታል። ከ12 ካለፈ ደግሞ መደበቂያ ይሆናል። ቡድኑን በስም ፊደል ተራ አይመድቡ። በእርስዎ ትምህርት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቡድን ውስጥ ቢገናኙ ሳይቀሰቅሷቸው ይከራከራሉ፤ ያዩት መሬት አንድ አይደለማ።

ቡድኖቹን «ፓርቲሲፓንትስ» ገጽ ላይ ከፈጠሩ በኋላ ወደ ፎረሙ ሴቲንግ ተመልሰው «ግሩፕ ሞድ»ን «ሴፓሬት ግሩፕስ» ያድርጉት። ከዚያ ጥያቄውን ሲጭኑ ይጠንቀቁ። «ኦል ፓርቲሲፓንትስ» ብለው ከለጠፉት ተማሪዎቹ ጥያቄውን ያዩታል፣ መመለስ ግን አይችሉም፤ የመመለሻው ቁልፍ አይመጣላቸውም። ማድረግ ያለብዎት «አድቫንስድ»ን ከፍተው «ፖስት ኤ ኮፒ ቱ ኦል ግሩፕስ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቅጂ ይደርሰዋል።

የመዝጊያ ሰዓቱም እንዲሁ ጣጣ አለው። «ዲው ዴት» ካላንደር ላይ ይታያል እንጂ አይዘጋም፤ የሚዘጋው «ከት-ኦፍ ዴት» ነው። ሙድል 23:59 ብሎ የሚያሳየው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:59 ነውና ሁለቱንም አጣምረው ይጻፉ፣ ቀኑንም በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር። የእርስዎም የተማሪዎቹም ፕሮፋይል ላይ የሰዓት ክልሉ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» መሆኑን ይዩ። ሰርቨሩ በለንደን ሰዓት ከተዋቀረ፣ ክልሉን ያስተካከለና ያላስተካከለ ተማሪ ለአንዱ ቀነ ገደብ ሁለት የተለያየ ሰዓት ያያሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጥያቄው። የተሻለውም መሣሪያ ቢሆን መጥፎ ጥያቄን አያድንም። «የእርከንን ጥቅም ዘርዝሩ» ቢሉ 54ቱም ሞጁሉን ይገለብጣሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ምን ይባባላሉ? በምትኩ እንዲህ ይበሉ፦ «ተዳፋቱ 12 በመቶ የሆነ ማሳ፣ አፈሩ ጥቁር መረሬ፣ ዓመታዊ ዝናቡ 1,400 ሚሊሜትር፣ ገበሬው ጤፍ ይዘራል። ውሃ የሚያቁር እርከን ይሠሩለታል ወይስ ውሃውን ቀስ አድርጎ የሚያፋስስ? አንዱን ብቻ ይምረጡ፣ የመረጡት መጀመሪያ የት ላይ እንደሚበላሽ ይናገሩ።» ይህ ጥያቄ ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለው። መረሬ ውሃ ቶሎ አያሰርግም፣ ስለዚህ የሚያቁረው እርከን ይሞላል፣ ሰብሉን ውሃ ያስተኛበታል፣ በዝቅተኛው ቦታ ይደረመሳል። የሚያፋስሰው ደግሞ መውረጃው የተዘጋጀ ቦይ ከሌለ ከታች ቦረቦር ይከፍታል። «የት ላይ ይበላሻል» የምትለው ሐረግ ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ የመረጠውን ሁሉ የራሱን ምርጫ እንዲፈትሽ ታስገድደዋለች፣ ጓደኛውም የሚይዝበት ቦታ ይሰጠዋል።

የመልሱ ርዝመት ከ80 እስከ 120 ቃል ይበቃል፤ በስልክ ከዚያ በላይ መጻፍ ቅጣት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ለሁለት ጓደኞቹ ምላሽ ይስጥ። «እስማማለሁ» እና «ጥሩ ሐሳብ ነው» እንደ ምላሽ እንደማይቆጠሩ አስቀድመው ይናገሩ። ምላሽ የሚባለው የጎደለ ቁጥር የጠየቀ፣ ወይም በራሱ ቀበሌ ያየውን ተቃራኒ ነገር ያመጣ፣ ወይም «ዝናቡ 600 ሚሊሜትር ቢሆንስ?» ብሎ ሁኔታውን የቀየረ ነው። ፎቶ የሚያያይዝ ካለ በመጀመሪያ በቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» ላይ እንደ ፎቶ፣ እንደ ፋይል ሳይሆን፣ ልኮ ከዚያ አውርዶ ይጫነው። ቴሌግራም ብዙ ሜጋባይት የነበረውን ፎቶ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ያወርድለታል።

ጊዜውን እንዲህ ቢያደርጉት ይሠራል፦ ጥያቄው ሰኞ ጠዋት ይከፈታል፣ የራስ መልስ እስከ ሐሙስ ሌሊት፣ ለጓደኛ የሚሰጥ ምላሽ እስከ እሑድ ማታ። ሐሙስ ከማለፉ በፊት እርስዎ መልስ አይስጡ፤ መምህሩ ከተናገረ በኋላ ተማሪው ማንን ደፍሮ ይቃወማል? ጸጥታው ቢያስጨንቅዎትም ይታገሱ። ሥራውንም አስቀድመው ይመዝኑት። 54 ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ሲጽፍ በሳምንት 162 ጽሑፍ ነው፤ አንዱን በአንድ ደቂቃ ቢያነቡት ሁለት ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሁለት ቡድን ብቻ በጥልቀት አንብበው አስተያየት ይስጡ፤ የቀሩት አራቱን ለነጥብ ያህል ይዩዋቸው። በሦስት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። ነጥቡ ቀላል ይሁን፤ በሳምንት ሦስት፦ በሰዓቱ ለቀረበ ምክንያት ያለው መልስ አንድ፣ ለሁለቱ ምላሾች አንድ፣ ለተቃወመው ሰው ተመልሶ ለመለሰ አንድ። ሦስተኛዋን ነጥብ አይተዉ፤ እሷ ከሌለች ሁሉም ጽፎ ይሄዳል እንጂ አይነጋገርም።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ተማሪ የሙድልን የሞባይል መተግበሪያ ያስጭኑት። ኢንተርኔት ባለበት ጥያቄውን አንድ ጊዜ ከከፈተው፣ በሌለበት ቦታ መልሱን ጽፎ ማስቀመጥ ይችላል፤ ግንኙነት ሲመጣ ይላካል። መተግበሪያው ከኮሌጁ ገጽ ጋር አልገናኝም ካለ፣ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሞባይል አገልግሎቱን አልከፈተ ይሆናልና እንዲከፍተው ይጠይቁት።

ቴሌግራሙ ከዚህ በኋላ ደወል ነው። «ቶፒክስ»ን ያብሩና ሦስት ክፍል ያድርጉት፦ ማስታወቂያ፣ የቴክኒክ እርዳታ፣ ጨዋታ። ማስታወቂያውን «ክሎዝ» ቢያደርጉት ከአስተዳዳሪ በቀር ማንም አይጽፍበትም። የበዓል ምኞቱም ቦታውን ያገኛል። ሰኞ ጠዋት የሙድሉን ሊንክ ሲለጥፉ አብረው ስም የማያሳይ «ፖል» ይላኩ፦ የሚያቁር ወይስ የሚያፋስስ? ውጤቱ የሚታየው ለመረጠ ሰው ነው፤ አንዴ የመረጠ ደግሞ ምክንያቱን ለመጻፍ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሴት ተማሪዎችዎ በተለይ ስልክ ቁጥራቸውን «ፕራይቨሲ» ውስጥ ገብተው «ኖባዲ» እንዲያደርጉት ይንገሯቸው፤ በግሩፕ ከጻፈች በኋላ የማታውቀው ሰው እንዳይደውልላት የምትፈራ ተማሪ ዝም ብትል አይፈረድባትም። ሁሉንም ነገር በቴሌግራም ላይ አለመጣል ሌላም ምክንያት አለው፦ በፈረንጆቹ 2023 በአገራችን ቴሌግራም ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ተገድቦ ቆይቷል።

ዙሙ መዝጊያ ይሁን። ነጻው 40 ደቂቃ ነውና ካሜራ አጥፍተው፣ በሳምንቱ ከጎላው ክርክር ሁለቱን ብቻ ያንሱ። ጥያቄ ጠይቀው «ሁላችሁም ቻት ላይ ጻፉ፣ እኔ እስክል ግን አትላኩ» ይበሉ። ሁለት ደቂቃ ይስጡ፣ ከዚያ «ላኩ»። ፈጣኑም ዘገምተኛውም በአንድ ጊዜ ይደርሳል።

ሙድሉ ፈጽሞ የማይሠራ ከሆነ ጎግል ክላስሩም ይተካዋል። «ክዌስሽን» ብለው «ሾርት አንሰር»ን ይምረጡ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲመላለሱ የሚፈቅደውን ምልክት አያጥፉት፤ እዚያም ተማሪው የሌላውን የሚያየው ራሱ ከመለሰ በኋላ ነው። ከዚህ ውጭ በየሳምንቱ አዲስ ነገር አያምጡ። የቪዲዮ ውይይት የሚደረግበት ፍሊፕ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ራሱን ችሎ መሥራት አቁሟል፣ የጎግል ጃምቦርድም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘግቷል፤ ትምህርታቸውን በእነሱ ላይ የገነቡ መምህራን እንደገና መጀመር ግድ ሆኖባቸዋል።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ ጠዋት «ሪፖርትስ» ውስጥ «ሎግስ»ን ይክፈቱና መልስ ያልሰጡትን አንድ በአንድ ይዩ። ፎረሙን ከፍቶ ሳይጽፍ የወጣ ተማሪ ጥያቄው ከብዶታል ወይም የመመለሻውን ቁልፍ አላገኘም፤ የጥያቄውን አጻጻፍና የቡድን አሠራሩን ይፈትሹ። ጭራሽ ያልገባው ግን የይለፍ ቃል ጠፍቶበት ወይም ዳታ አልቆበት ሊሆን ይችላልና፣ መልእክት ሳይሆን ስልክ ይደውሉለት።