ጋላክሲን እና ወተትን ምን አገናኛቸው?

ሰላም ጠያቂያችን፣ «ጋላክሲ ከወተት የመጣ ቃል ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው? ሌሎች ቋንቋዎችስ?» ላልከው፣ አዎ፣ እውነት ነው። ጋላክሲ እጅግ ብዙ ከዋክብት የተሰባሰቡበት ግዙፍ ስብስብ ነው። በግሪክኛ «ጋላ» ወተት ነው። ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ የሚታየውን ነጣ ያለ መቀነት ግሪኮች «ጋላክሲያስ» አሉት፤ ወተታማ እንደማለት። ሮማውያን «የወተት መንገድ» አሉት። የእኛው «ፍኖተ ሐሊብ»ም በግዕዝ ይኸው ነው።

ሁሉም ግን ወተት አልታየውም። እኔን በጣም የሚገርመኝ የገለባው ነገር ነው። ቱርኮች «የገለባ መንገድ» ይሉታል። የፋርስኛው «ካህካሻን» ገለባ መጎተትን ያመለክታል። በአርመንኛማ «የገለባ ሌባ መንገድ» ነው! በአፈ ታሪካቸው ቫሃግን የተባለው አምላክ ከአሦር ንጉሥ ገለባ ሰርቆ ሲሸሽ፣ ሰማዩ ላይ እያንጠባጠበ ሄደ። እንዴት ደስ የሚል ምስል ነው! ፊንላንዶች «የወፍ መንገድ»፣ ቻይናውያን «የብር ወንዝ» ይላሉ።

ያ ነጣ ያለ መቀነት እኛ የምንኖርባት ጋላክሲ ናት፤ እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የእሷ ስሞች ነበሩ። ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸው የተረጋገጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ ከእኛዋ ውጭ መሆኗን ሲያሳይ ነው። እያደር የአንዷ ስም የሁሉም መጠሪያ ሆነ። ቻይንኛ ግን ለሌሎቹ «የከዋክብት ሥርዓት» የሚል የተለየ ቃል አለው።