የወንድሙ ጊታርና የልደት ስጦታው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር 40 ዓመት ይሞላዋል። ለልደቱ ልዩ አኮስቲክ ጊታር ልገዛለት ሁለት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። አሁን ያለው ጊታር ከሰባት ዓመት በፊት በሞት የተለየው የታላቅ ወንድሙ ነው። ፊቱ ተሰንጥቋል፤ ክሮቹም ዝገዋል፤ እርሱ ግን አይቀይራቸውም። ማታ ማታ ያወጣውና ጥቂት ነካክቶ ይመልሰዋል። ባለፈው ሳምንት «ይህን አሮጌ ጥለን ሌላ ብንገዛስ?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም። በድብቅ ገዝቼ ባስደስተው ይሻላል ወይስ ሐሳቡን ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደስታ ሲያስቡ ቆይተው በመጨረሻ ዝምታ ሲመለስልዎ እንደሚያም ከደብዳቤዎ ይሰማኛል። ሐሳብዎን አይተዉት። በድብቅ ግን አይግዙት።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «ጥለን» በምትለው ቃል ላይ ነው። እርስዎ የተናገሩት ስለ ተሰነጠቀ እንጨት ነው። ባለቤትዎ የሰሙት ግን ስለ ወንድማቸው ሊሆን ይችላል። ቁጣው ከነገሩ የበዛ የመሰለዎትም ለዚህ ይመስለኛል።

በሥነ ልቦና ሙያችን ሐዘን ለረጅም ጊዜ የተተረጎመው የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት ነበር፤ ሐዘንተኛው ልቡን ከሞተው ሰው ጥቂት በጥቂት ማላቀቅ አለበት የሚል ነው። ይሁንና ፍሮይድ ራሱ በ1920 ሴት ልጁን ሶፊን በሞት አጣ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እርሷ ብትኖር 36 ዓመት በሚሞላት ጊዜ፣ ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስቫንገር በጻፈው ደብዳቤ፣ የሐዘኑ ብርታት ቢቀንስም የሄደውን የሚተካ ነገር እንደማይገኝ ገለጸለት። በ1996 ደግሞ የሐዘን ተመራማሪው ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ ብዙ ሐዘንተኞች ከሞተባቸው ሰው ጋር ያላቸውን ትስስር መልኩን ቀይረው ይዘውት እንደሚኖሩ፣ ይህም በራሱ በሽታ እንዳልሆነ በሰፊው አሳዩ። ባለቤትዎ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ የሚተኙ፣ ከሰው የሚገናኙ ከሆነ ማታ ማታ ያንን ጊታር መነካካታቸው አያስጨንቅዎት። ሐዘኑ ከኑሮ ካገዳቸው ግን ባለሙያ ቢያነጋግሩ መልካም ነው።

ስለዚህ ከጊታሩ በፊት ስለ ወንድማቸው ይጠይቁ። «ጥለን ማለቴ ስሕተት ነበር፤ ወንድምህ እንዴት ይጫወት እንደነበር ንገረኝ» ይበሏቸውና ዝም ብለው ያዳምጡ። በዚያ ምሽት ስለ ስጦታው ምንም አያንሱ። ይቅርታው የግዢ መግቢያ ከመሰለ ዋጋውን ያጣል።

አሁን ወደ ድብቁ ግዢ ልምጣ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ተመራማሪው ጄፍ ጋላክና ሁለት ባልደረቦቹ የስጦታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ ሰጪው በአብዛኛው የሚያስበው ስጦታው የሚከፈትባትን ቅጽበት፣ ተቀባዩ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚጠቀምበትን ጊዜ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህ ልዩነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ ጊታር ነው። ተጫዋች ጊታርን ደረቱ ላይ ያቅፈዋል፤ ድምፁን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጎድን አጥንቱ ይሰማዋል። የናይለን ክር ያለው ጊታር አንገቱ ራስጌው ላይ 52 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የብረት ክር ያለው ግን ብዙ ጊዜ 43 ወይም 44 ነው። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ለዓመታት በአንዱ ለተለማመዱ ጣቶች ግን እንግዳ ቤት በጨለማ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ የወንድማቸው ጊታር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቢያንስ ይህን ይወቁ።

የቀረውን ለእርሳቸው ይተዉላቸው። ልዩ ጊታር ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው ጌጡን ነው። እኔ ግን የፊቱ ጣውላ ከኮምፔልሳቶ ሳይሆን ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ እንዲሆን እመክራለሁ፤ ድምፁን በዋናነት የሚወስነው እርሱ ነውና። ስፕሩስ የሚባለው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሴዳር ደግሞ ለስለስና ሞቅ ይላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ግን የተጫዋቹ ጆሮ ነው። ወደ ጊታር መሸጫ አብረው ይሂዱና፣ ዋጋቸውን ሳይነግሯቸው እርሳቸው ሦስት ወይም አራት ጊታር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞክሩ። እርስዎ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይስሙ። ለእኔ ዋናው ስጦታ ያ ከሰዓት ነው።

ለልደታቸው ዕለትም ባዶ እጅዎን አይቀርቡም። ትንሽ የጊታር መቃኛ ጠቅልለው ይስጧቸው፤ ከእርሱም ጋር «አዲሱን አንተ ምረጥ፤ የወንድምህም ቦታው አይነካም» የሚል ጽሑፍ ያስቀምጡ። መቃኛው ለሁለቱም ጊታር ያገለግላል፤ እርስዎም በቃል ለማስረዳት የሚከብድዎትን ይናገርልዎታል።

ጊዜው ሲደርስና እርሳቸው ሲፈቅዱ፣ አሮጌውን ለጊታር ጠጋኝ ማሳየት ይቻላል። ስንጥቁ በሙጫ ተይዞ ከውስጥ በትናንሽ እንጨት ይደገፋል። ብዙ ጊዜ እንጨቱን የሚሰነጥቀው ደረቅ አየር ስለሆነ፣ የሚቀመጥበት ቤት እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ጠጋኙ ቀለሙን እንዳያድስ፣ ጭረቶቹንም እንዳያጠፋ አስቀድመው ይንገሩት። አንዳንዱ ጭረት የወንድማቸው ጥፍር ያሳረፈው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልወጣልኝም፤ የዛጉት ክሮች። ባለቤትዎ ክር መቀየር ከብዷቸው አይመስለኝም። ምናልባት እነዚያን ክሮች ጠምዝዞ ያሰራቸው ወንድማቸው ይሆን? ይህ የእኔ ግምት ስለሆነ እርሳቸውን ይጠይቋቸው። እንዲያ ከሆነ፣ ጠጋኙ ክሮቹን ሲፈታ ስድስቱንም ጠቅልሎ በፖስታ እንዲመልስላቸው ያድርጉ፤ ፖስታውም በጊታሩ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።