ሮቶ፣ ግድብ፣ ክንድና ጉድጓድ፦ ስለ ረጋ ውሃ ግፊት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አምስቱ ዞረው ዞረው የረጋ ፈሳሽ ስለሚያሳድረው ግፊት ስለሆኑ አብሬ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሻወራችን ግፊት የለውም። ጣሪያ ላይ ያለውን 1,000 ሊትር ሮቶ በ2,000 ሊትር ብንቀይረው ይሻሻላል? (ከአዲስ አበባ)

አይሻሻልም፤ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። ግፊቱን የሚወስነው ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከሻወሩ በላይ ስንት ሜትር ከፍ ብሎ እንደቆመ ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ገደማ ያገኛሉ። ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ ያለዎት 0.3 ባር ነው፤ ሮቶው 500 ሊትርም ቢይዝ 10,000 ሊትር ያው ነው። ትልቁ ሮቶ የሚጠቅመው ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ነው። ይልቅ መስመሩን ያስፈትሹ። ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው መሄድ ሲጀምር ቀጭን ቱቦ፣ ዝገትና ብዙ ቦታ መታጠፍ ያለችውን ጥቂት ግፊት ይበሏታል። ያ ካልበቃ አነስተኛ ፓምፕ ያስገጥሙ። ሮቶውን ከፍ ላድርገው ካሉ ግን 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነውና ማስቀመጫውን ሳያስጠኑ እንዳያሠሩ አደራ።

ጥያቄ፦ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል ተብሎ ተምረናል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲገፋው ግድግዳው እንዴት ይችለዋል? (ከባሕር ዳር፣ ተማሪ)

ይህ ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ትልልቅ ሰዎችም በዚሁ ስጋት ሲጨነቁ እሰማለሁና። ግድግዳውን የሚገፋው 74 ቢሊዮኑ አይደለም። ሐይቁ ወደ ኋላ 2 ኪሎ ሜትር ይርዘም 200፣ ግድቡ ሥር ያለው ጥልቀት እኩል እስከሆነ ድረስ የሚያርፍበት ኃይል እኩል ነው። ግድግዳውን የነካው ውሃ የተሸከመው ከበላዩ ያለውን ውሃ ክብደት ነው፤ ርቆ የተኛውን ውሃ የሚሸከመው ደግሞ የሸለቆው መሬት ነው።

ጥልቀቱ ግን ቀልድ አይደለም። 100 ሜትር ወርዶ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 100 ቶን ክብደት ያህል ኃይል ያርፋል፤ ከውሃው ወለል ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ አማካዩ 50 ቶን ይሆናል። በ100 ሜትር ቁመት ስናባዛው፣ የግድቡ እያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 5,000 ቶን ያህል ይገፋል ማለት ነው። በ50 ሜትር ጥልቀት ይህንኑ ስሌት እንሥራው፦ አማካይ 25 ቶን ሲባዛ በ50፣ 1,250 ቶን። ጥልቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ወረደ። ሐይቁ በዝቅተኛው ጎን እንዳይፈስ የተሠራው 50 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የኮርቻ ግድብ ያንኑ ሐይቅ እየያዘ ከዋናው ግድብ እጅግ ያነሰ ጫና የሚቀበለው ለዚህ ነው።

145 ሜትር የሚቆመው ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ሲሆን፣ ግርጌው ወፍራም፣ አናቱ ቀጭን ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው ከታች ነዋ። ውሃውን የሚቋቋመው በራሱ ክብደት ነው። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብ ግን ሌላ ዘዴ ይዟል፤ ወደ ውሃው በኩል እንደ ቅስት ስለተለጠጠ ግፊቱን ለግራና ቀኙ ገደል ያስተላልፋል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ከግድብ ሥር ሰርጎ የሚገባው ውሃ ነው። እሱም ይጫናል፣ የሚጫነው ግን ወደ ላይ ነው፤ ግድቡን አንስቶ ሊያቀልለው ይታገላል። መሐንዲሶች ከሥር ያለውን አለት በሲሚንቶ የሚደፍኑትና የሰረገውን ውሃ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች የሚተዉት ይህን ኃይል ለመቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴን ቤት ውስጥ የደም ግፊት ስለካቸው አንዴ 138፣ ወዲያው ደግሞ 150 ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? (ከሜሪላንድ)

መጀመሪያ ክንዳቸው የት እንዳረፈ ይመልከቱ። ደምም ፈሳሽ ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። መለኪያው የታሰረበት ክንድ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር በ8 ገደማ (በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ከፍ ይላል፤ ከልብ በላይ ከሆነ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሶፋ ላይ ክንድን ጎን ጥሎ መለካትና ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መለካት አንድ አይደለም። እናትዎ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አሳርፈው፣ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንዳቸውም በልብ ልክ ይረፍ። ከዚያ በኋላም ቁጥሩ ከፍ ካለ ለሐኪማቸው ያሳውቁ። በአንድ ንባብ ተነሥተው መድኃኒት እንዳይቀንሱ ወይም እንዳይጨምሩ እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ሙት ባሕር ውስጥ ዋና የማይችልም ይንሳፈፋል። እንግዲያው ልጆቼን ልተዋቸው? (ከእስራኤል)

ፈጽሞ እንዳይተዉአቸው። የሙት ባሕር አንድ ሊትር ውሃ 1.24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ለመንሳፈፍ 56 ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ገፍቶ ቦታውን ቢይዝ ይበቃዋል፤ ሰውነቱ ደግሞ 70 ሊትር ገደማ ስለሆነ አንድ አምስተኛው ከውሃው በላይ ይቀራል። አደጋው ከዚሁ ይመጣል፦ እግር ወደ ላይ ይነሣና ሰው በፊቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከዚያ ቀና ማለት ያስቸግራል፣ ጨዋማውን ውሃ መዋጥም ጉዳት ያደርሳል። በጀርባቸው ይተኙ፣ እርስዎም አጠገባቸው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ድሬዳዋ ከ7 ሜትር ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አለው። ያንኑ ዓይነት ገዝቼ እንጦጦ ሥር በ7 ሜትር ጉድጓድ ላይ ባስቀምጠው አልስብ አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

ፓምፑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ይቀንሳል እንጂ ውሃውን ጎትቶ አያወጣውም። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ነው። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቼሊ በ1643 እ.ኤ.አ. ይህን፣ አየሩ በቱቦ ውስጥ ደግፎ ባቆመው ሜርኩሪ አሳየ። በ1648 ደግሞ የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የፓስካል የእህት ባል እንዲህ ያለ የሜርኩሪ ቱቦ ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ላይ ይዞ ወጣና ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ጫና እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

በባሕር ጠለል ልክ አየሩ ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊገፋ ይችላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ይህ ወደ 9 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 7.8 ሜትር ይወርዳል፤ እንጦጦ ሥር ከዚያም ያንሳል። የቱቦው ሰበቃና የፓምፑ ድካም ሲቀነስ በእጅዎ የሚቀረው 5 ወይም 6 ሜትር ነው። የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር መግዛት አይረዳዎትም። ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ሰብመርሲብል ፓምፕ ይግዙ፤ እሱ ከታች ስለሚገፋ ይህ ወሰን አይመለከተውም። ከመግዛትዎ በፊት ግን የውሃውን ጥልቀት ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ይለኩ፤ ጉድጓዱ በጣም የሚጎድለው ያኔ ነው።